ሳይ ፓላቪ እና ሦስቱ ቻፓቲ

ይህ ባለፈው ወር ለአንድ የወጣቶች የፊልም ቡድን ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንዳወራሁት አድርጌ ከትቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ! በአንዲት ቃል ልጀምር። ክሮር። ህንዶች 10 ሚሊዮንን ክሮር ይሉታል። 2 ክሮር ሩፒ ስንል እንግዲህ 20 ሚሊዮን ሩፒ ማለታችን ነው።

በ2019 አንዲት የደቡብ ህንድ ተዋናይት ፊት የሚያቀላ ክሬም እንድታስተዋውቅ ተጠይቃ እምቢ ማለቷ ተሰማ። የቀረበላት ክፍያ 2 ክሮር አካባቢ እንደነበር የአገሯ ጋዜጦች ጻፉ። ፊልም እኮ አይደለም። ስክሪፕት ማጥናት የለም፣ ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋል የለም። ካሜራ ፊት ቆሞ ፈገግ ማለት ነው።

ለምን እንደተወችው በቃለ መጠይቅ ሲጠይቋት የመለሰችው ነገር ነው እኔን የያዘኝ። ያን ገንዘብ ብወስደው ምን አደርግበታለሁ አለች። ቤቴ ገብቼ የምበላው ያው ሦስት ቻፓቲ (ስስ ቂጣ) ወይ ሩዝ ነው፣ በመኪናዬ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ከዚህ ያለፈ ትልቅ ፍላጎት የለኝም አለች።

ሦስት ቻፓቲ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሳይ ፓላቪ ትባላለች። እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ስሟን ሳታውቁ ስትደንስ አይታችኋታል። ስለምንወደው ሰው ሁሉን ማወቅ እንፈልጋለን፤ ምን ትበላለች፣ ምን ትለብሳለች፣ ምን ያስቃታል። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ አላፍርበትም። ግን ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው «የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ሽቶ» የሚለው ዝርዝር ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ዛሬ የማወራችሁ ራሷ በአፏ ስለተናገረችውና በሥራዋ ስላየነው ነው። የሰው ምርጫ ከየት እንደሚመጣ ማየት ደስ ይለኛል። የእሷ ደግሞ ከየት እንደመጣ በደንብ ይታያል።

ከተራራው ልነሳ።

የተወለደችው በግንቦት 1992 ኮታጊሪ ነው። ኮታጊሪ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ኒልጊሪ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኒልጊሪ ሰማያዊ ተራራ ማለት ነው። ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርድ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ዳገቱ ሁሉ ሻይ ቅጠል ነው። እዚያ ተራራ ላይ ኩሪንጂ የሚባል አበባ አለ፣ በ12 ዓመት አንዴ ነው የሚያብበው፣ ሲያብብ ተዳፋቱ ሐምራዊ ሰማያዊ ይሆናል። ሌላ ነገር ልንገራችሁና ትገረማላችሁ። ኒልጊሪ በባሕር ዛፍ የተሞላ ነው! እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተከሉት፣ ለማገዶ ብለው፣ ልክ እኛ ዘንድ በምኒልክ ጊዜ እንደሆነው። ህንዶች ዛሬም ጉንፋን ሲይዛቸው የሚታጠኑትን የባሕር ዛፍ ዘይት «የኒልጊሪ ዘይት» ነው የሚሉት። እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ኮታጊሪ ቢወርድ ሽታው ግራ አይገባውም ማለት ነው።

የቤተሰቧ ብሔረሰብ ባዳጋ ይባላል። ባዳጋዎች የኒልጊሪ ገበሬዎች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ከካናዳ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። (ካናዳ ስል አገሩን አይደለም፣ የቤንጋሉሩን አካባቢ ቋንቋ ነው።) ይህን የምነግራችሁ ወደ በኋላ ስለምንመለስበት ነው። የአፍ መፍቻዋ ታሚል እንኳን አይደለም። ያደገችው ግን ተራራው ግርጌ ባለችው ኮይምባቶር ነው፣ እዚያም ተማረች።

ዳንስ የተማረችው የት መሰላችሁ? የትም። አስተማሪ ኖሯት አያውቅም። ቴሌቪዥን ላይ የቦሊዉድ ኮከቦቹን ማዱሪ ዲክሲትንና አይሽዋርያ ራይን እያየች ነው የተማረችው፣ ራሷ ብዙ ጊዜ ተናግራዋለች። ስንቶቻችን ነን ሳሎን ቤት ሶፋ ገፍተን እንደዚያ ያደረግን! ልዩነቱ እሷ አላቆመችም። በ2008 አንድ የታሚል ቴሌቪዥን ጣቢያ የዳንስ ውድድር ውስጥ ገባች። የውድድሩ ስም «ከእናንተ ቀጣዩ ፕራቡ ዴቫ ማነው?» የሚል ነበር። ፕራቡ ዴቫን የማታውቁ ካላችሁ፣ የደቡብ ህንድ የዳንስ ንጉሥ በሉት፣ አጥንት ያለው የማይመስል ሰው ነው። በዓመቱ ደግሞ በቴሉጉ ቋንቋ በሚተላለፍ ሌላ የዳንስ ውድድር ላይ ተሳተፈች።

እስቲ አሥር ዓመት ወደፊት እንዝለልና እንመለስ። በ2018 መጨረሻ ከታሚሉ ተዋናይ ከዳኑሽ ጋር የሠራችበት «ማሪ 2» የሚባል ፊልም ወጣ። በውስጡ «ራውዲ ቤቢ» የሚባል አንድ ዘፈን አለ፣ ሁላችሁም የምታውቁት። ዩቲዩብ ላይ 1 ቢሊዮን እይታ ያለፈ የመጀመሪያው የደቡብ ህንድ ዘፈን ነው፣ በ2020 ነው ያለፈው። ዳንሱን ያቀናበረው ማን ነው? ፕራቡ ዴቫ! በስሙ በተሰየመ ውድድር ላይ የተወዳደረችው ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ እሱ ያቀናበረውን ዳንስ ደነሰች። ያን ቪዲዮ እግሯን እያያችሁ ድጋሚ እዩት። ሁሉም ሰው ፊቷን ነው የሚያየው፣ እግሯ ግን መሬቱን የሚያውቀው ይመስላል።

አሁን ወደ ሕክምናው።

ወላጅ ሁሉ ያው ነው፣ መጀመሪያ ትምህርት። እሷም ሕክምና ለማጥናት ጆርጂያ ሄደች፣ ትብሊሲ። አልፎንስ ፑትረን የሚባል የማላያላም (የኬረላ ግዛት ቋንቋ) ፊልም ዳይሬክተር ቴሌቪዥን ላይ ስትደንስ አይቷት ስለነበር ፈልጎ አገኛት። መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግራት ወፈፌ መስሏት እንደነበር ስታወራ ሰምቻለሁ። ደግ ነገር ሆኖ በኋላ አመነችው። በትምህርት እረፍቷ መጥታ የሠራችው ፊልም «ፕሬማም» ነው፣ በግንቦት 2015 ወጣ።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ እኔ የምወደው ቦታ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ማላር የምትባል የኮሌጅ መምህርት ናት። ተራ ሳሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ ጉንጯ ላይ ብጉሩ እያበራ ትገባለች። ፋውንዴሽን የለም። ካሜራው ቀርቦ ያያታል፣ ብጉሩም አብሮ ይታያል። ከዚያ ዝምተኛ ናት ብለው ያሰቧት ተማሪዎቿ ፊት ድንገት ትደንሳለች፣ እነሱም አፋቸውን ይይዛሉ፣ እኛም እንይዛለን። ፊልሙ በማላያላም ሆኖ፣ ታሚል ተናጋሪዋ ቼናይ ውስጥ ሳይተረጎም ከ200 ቀን በላይ ታየ። ሰው ቋንቋውን ሳይሰማ ደጋግሞ ሄደ ማለት ነው።

እኔን ማላር አባቴን አስታወሰችኝ። አባቴ የተማረው በህንድ አስተማሪዎች ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ ስንት የህንድ መምህራን ነበሩ፣ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ፣ ከዚያው ፊልሙ ከተሠራበት አገር። የሒሳብ መምህርቱን ዛሬም «ሚስ» ነው የሚላት። ሳሪ ለብሳ ከላይ ሹራብ ትደርብ ነበር ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ ይዛ ስትገባ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ማላርን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና «ሚስም እንዲህ ነበረች» አለኝ። ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ታዲያ ሳይ ፓላቪ ከዚያ ፊልም በፊት ስለ ብጉሯ ምን ትል እንደነበር ታውቃላችሁ? የማትቀባው ክሬም አልነበረም። ከቤት መውጣት ያስጠላት ነበር፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ትቶ ብጉሯን የሚያይ ይመስላት ነበር። ፊቷ በዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ እንዳለ ሲወጣ ፈርታ ነበር። ሰው ግን ወደዳት። ከዚያ ወዲህ ሜካፕ ላለማድረግ የወሰነችው ውሳኔ ከዚያ አዳራሽ ጭብጨባ ነው የመጣው። ስለ ራሷ ስታወራም ወጣት ሴቶች ፊቴን አይተው እፎይ ካሉ እኔም ልቀጥልበት የሚል ነገር ነው የምትለው።

ትምህርቷን አልተወችም። በ2016 ተመረቀች። ይህም አልበቃም። ሕክምናን ውጭ አገር የተማረ ህንዳዊ አገሩ ገብቶ ለመሥራት ብሔራዊ ፈተና መቀመጥ አለበት። በነሐሴ 2020፣ በኮሮናው መካከል፣ ቲሩቺራፓሊ ከተማ ሄዳ ፈተናውን ተቀመጠች። ያኔ እኮ ስሟ የገነነ ኮከብ ናት! ከእሷ ጋር የተፈተኑ ልጆች ማስክ አድርገው አብረዋት የተነሱት ፎቶ በየቦታው ዞረ። አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሳ፣ ከተርታ ተፈታኝ አትለይም። እዚህ መካከል ውጭ ተምሮ መጥቶ አገር ቤት ደግሞ የብቃት ፈተና የሚጠብቀው ሰው ካለ ስሜቱን ያውቀዋል።

ወደ ክሬሙ ልመለስ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለእሱ ነው።

ክሬሙን ስትመልስ ቻፓቲውን ብቻ አይደለም ያወራችው። ስለ ታናሽ እህቷ ስለ ፑጃም ነው ያወራችው። ፑጃም በኋላ ፊልም ሠርታለች። ልጅ ሆነው መስታወት ፊት ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ፑጃ ቀለሟን ከእህቷ ቀለም ጋር ታስተያያለች፣ እሷ ትንሽ ጠቆር ትላለች። ፑጃ አይብና በርገር ነበር የምትወደው፣ ፍራፍሬና አትክልት አትነካም። ታላቅየዋ አንድ ቀን፣ እንድትበላላት ብላ፣ ቀላ ማለት ከፈለግሽ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ አለቻት። ልጅቱ በላች። እያስጠላት በላች፣ መቅላት ስለፈለገች ብቻ። ሳይ ፓላቪ ያን ስታይ ልቧ ተሰበረ። አምስት ዓመት የምታንሳት ልጅ ላይ ይህ ነገር ምን ያህል እንደገባ ያኔ ነው የገባት።

እንግዲህ የዚያች ልጅ ፊት ዓይኑ ላይ ያለ ሰው ቢሊቦርድ ላይ ወጥቶ «ይህን ተቀቡ፣ ትቀላላችሁ» ማለት እንዴት ይችላል?

አያይዛም ይህ የህንድ ቀለም ነው አለች። ነጮቹን ሄደን ለምን ነጣችሁ አንላቸውም፣ እሱ የነሱ ነው፣ ይህ የእኛ ነው። አፍሪካውያንም የራሳቸው ቀለም አላቸው፣ ቆንጆዎችም ናቸው አለች። እኛንም ጠርታናለች ማለት ነው።

በህንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊት የሚያቀላው ታዋቂው ክሬም «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ገበያ የወጣው በ1975 ነው። ስንት ትውልድ «ፌር» (ቀላ ያለ) ማለት ቆንጆ ማለት ነው እየተባለ አደገ። የጋብቻ ማስታወቂያ ላይ «ቀላ ያለች» ተብሎ ይጻፋል፣ እንደ ትምህርት ደረጃ። በ2009 ቼናይ ውስጥ «ጥቁር ቆንጆ ነው» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፣ በኋላ ተዋናይቷ ናንዲታ ዳስ ፊቱ ሆነች። ኩባንያው ከስሙ ላይ «ፌር» የምትለውን ቃል አንስቶ «ግሎው» ያደረገው በ2020 ነው፣ በአሜሪካ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ዓለም ሲጮህ። ሳይ ፓላቪ እምቢ ያለችው ከዚያ በፊት ነው። ማንም ሳይጮህ።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ታውቃላችሁ። ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል። አንድ ቀን አንዲት አክስት የእህቷን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቱ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ጠይም፣ ዓይኖቿ ትልልቅ። አክስትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ሠርግ አለብን፣ ይቺን ልጅ ትንሽ ቀላ የሚያደርጋት ነገር የለም?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ልጅቱን ትወዳታለች፣ እጇን ይዛታለች። ልጅቱ ግን እኔን አላየችኝም፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የጥርስ ሳሙና ነበር የምታነበው።

ስለዚህ እንደ ባለሙያ ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በየሱቁ «ያጠራል» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፣ ቤታሜታዞንና መሰሎቹ። እነዚህ ለቆዳ በሽታ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሲተዋቸው ደግሞ ፊት ይቃጠላል። ሰው ያን ጊዜ ደንግጦ እንደገና ይቀባል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፣ ኩላሊት ነው የሚነኩት። ይህንን ሁሉ ለአክስትየዋ ነገርኳት። ከዚያ ለልጅቱ ስልኬን አውጥቼ ማላርን አሳየኋት። ብጉሩን አሳየኋት። ሁለት ሰው ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። ልጅቱ ጠጋ ብላ አየችና «ሜካፕ የላትም?» አለች። የላትም አልኳት። «ፊልም ላይ?» አለች። አዎ፣ ፊልም ላይ።

የፀሐይ መከላከያ ገዝተው ሄዱ።

ስለ ልብሷ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ወደዚያ ልሂድ። ሳሪና ቀለል ያለ ኩርታ (ረዘም ያለ የህንድ ሸሚዝ) ነው የምታዘወትረው፣ ሽልማት ስትቀበልም እንደዚያው። ይህም ታሪክ አለው፣ ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ትብሊሲ ተማሪ እያለች ታንጎ ተማረች። ታንጎ የራሱ ልብስ አለው፣ እግር የሚንቀሳቀስበት፣ ጀርባ የሚከፈት። ለብሳ ደነሰች፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ዳንስ ነው ያየው። «ፕሬማም» ወጥቶ ስትታወቅ ቪዲዮው ተቆፍሮ ወጣ። ከሥሩ ሰው የጻፈው ስለ ዳንሱ አልነበረም፣ ስለ ሰውነቷ ነበር። ዓይኖቹ ሁሉ እንዲያ ሲያዩዋት ጨነቃት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ልብስ ላለመልበስ ወሰነች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስሰማ አዘንኩ። ጥፋቱ የልብሱ አልነበረም። የጻፉት ሰዎች ነበር። ውሳኔዋን አከብራለሁ፣ ገላዋ የራሷ ነው፣ ለማን እንደምታሳየው የምታውቀው እሷ ናት። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የእሷን ሳሪ እያነሱ ሌሎቹን ተዋናዮች የሚሰድቡ ሰዎች አሉ፣ «እንደ ሳይ ፓላቪ ጨዋ ሁኑ» እያሉ። እኛም ጋ አሉ። ከዚያ ቪዲዮ ሥር የጻፉትና እነዚህ አንድ ናቸው። ሁለቱም ሴቲቱን ትተው ልብሷን ነው የሚያዩት።

ምግቡን ቶሎ ልበል። ሥጋ አትበላም፣ ሕይወት ሲጠፋ ማየት አልችልም ትላለች። ራማያና በሚባለው ትልቅ የሂንዲ ፊልም ላይ ሲታን ትሠራለች፤ ሲታ ለህንዶች ቅድስት ናት። በ2024 መጨረሻ አንድ ሚዲያ ለዚህ ሚና ስትል ሥጋ እንዳቆመች፣ ምግብ አብሳይም አስከትላ እንደምትዞር አድርጎ ጻፈ። ስንት ዓመት ስለ እሷ ሲዋሽ ዝም ያለች ሴት ያኔ ተናገረች። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ፈጠራ ካየሁ ወደ ሕግ እሄዳለሁ አለች። ስለ ምግብ ነው እኮ! ግን ገባኝ። ለዘመናት የኖረችበትን ነገር ለማስታወቂያ ያደረገችው ሲያስመስሉባት ነው የተቆጣችው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከባድ ነገር ደርሶባታል፣ በ2022። አንድ ፊልሟን ለማስተዋወቅ በሰጠችው ቃለ መጠይቅ ላይ ካሽሚር ውስጥ ስለተገደሉት ሂንዱዎች አነሳች፣ አያይዛም ላም ጭኖ ሲሄድ ሙስሊም ነው ተብሎ በመንገድ ላይ ስለተደበደበ ሰው አነሳች፣ ሁለቱም በሃይማኖት ስም የተደረገ ግፍ ነው አለች። አገር ተነሳባት። ሃይደራባድ ውስጥ ፖሊስ ጋ አቤቱታ ገባባት። እሷ ቪዲዮ ቀርጻ ለቀቀች። ስትናገር ትጠነቀቃለች፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። የማንንም ሞት ለማሳነስ እንዳልፈለገች ተናገረች፣ ሕክምና የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ለእኔ ሕይወት ሁሉ እኩል ነው አለች። ትምህርት ቤት እያለች በየቀኑ «ህንዳውያን ሁሉ ወንድሞቼና እህቶቼ ናቸው» እያሉ ቃል ይገቡ እንደነበር አስታወሰች። ሰው ሁሉ ሕክምናዋን የሚያነሳው በጨዋታ ነበር፣ «ዶክተር ተዋናይት» እያለ። ያን ቀን ግን ሐኪምነቷ እውነተኛ ቦታ ላይ ዋለ።

ስለ ድምፅዋ ሳልነግራችሁ አልወርድም። በደቡብ ህንድ ፊልም የሴት ተዋናይ ድምፅ ብዙ ጊዜ የራሷ አይደለም። ከሌላ ግዛት ትመጣለች፣ ቋንቋውን አትችልም፣ ሌላ ሴት ስቱዲዮ ገብታ ትናገርላታለች። ተመልካቹ ለምዶታል። ሳይ ፓላቪ በ2017 ወደ ቴሉጉ ፊልም ስትገባ «ፊዳ» በሚባለው ፊልም ላይ ባንስዋዳ ከምትባል ቦታ የመጣች ባኑማቲ የምትባል ልጅ ሆነች። ባኑማቲ የቴላንጋና ልጅ ናት። የቴላንጋና ዘዬ ደግሞ በፊልም ውስጥ ለዘመናት የቀልደኛው ወይ የወንበዴው አነጋገር ነበር፣ ዋና ተዋናይት በዚያ ዘዬ አትናገርም ነበር። ቴላንጋና የራሱ ግዛት ከሆነ ገና ሦስት ዓመቱ ነው ያኔ፣ 2014 ነው የሆነው። የተራራ ልጅ፣ የባዳጋ ልጅ፣ ቴሉጉ አፏን ያልፈታችበት ልጅ፣ ቁጭ ብላ ዘዬውን ተማረችና በራሷ ድምፅ ተናገረችው። የዚያ አገር ሰው በትልቅ ስክሪን ላይ የእናቱን አነጋገር ከጀግናዋ አፍ ሰማ። ጎጃሜ ወይ ወሎዬ የሆነ ሰው ከመሀል ከተማ ሰው አፍ ዘዬው እንደ ቀልድ ሲነሳ ሰምቶ ካደገ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ2022 ደግሞ «ጋርጊ» ላይ አባቷ በከባድ ወንጀል የተከሰሰባት የትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። በታሚል፣ በቴሉጉና በካናዳ ቋንቋ ሦስቱንም በራሷ ድምፅ ሠራችው። ካናዳ ለባዳጋ ቅርብ ነው ብያችሁ አልነበር? በ2024ቱ «አማራን» ላይ በ2014 የሞተ የህንድ ጦር መኮንን ባለቤት ሆና ተጫውታለች። አሳዛኝ ነው፣ መሀረብ ይዛችሁ ግቡ።

በዚያው በ2024 መስከረም ላይ ፑጃ ተዳረች። ያቺ መስታወት ፊት ቀለሟን ታስተያይ የነበረችው ልጅ። ሠርጉ በባዳጋ ወግ ነበር። ባዳጋዎች ለሠርግ ነጭ ይለብሳሉ፣ ቀይና ወርቁ ከሚንቦገቦግበት ከሌላው የህንድ ሠርግ ጋር አይመሳሰልም። ፎቶውን ሳየው የጥምቀት ቀን መሰለኝ፣ ሁሉም ነጭ በነጭ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ ሜካፗ ቀለል ብሎ፣ ጠይም ፊቷ ከነጩ ላይ ወጥቶ። ታላቅየዋ ከዘመዶቿ ጋር ክብ ሠርታ የባዳጋን ዳንስ ትደንሳለች። ቪዲዮው ላይ ፕራቡ ዴቫ የለም፣ ካሜራ የሚያዘጋጅ የለም። እጇን አንስታ ክንዷን ታጥፋለች፣ ዞር ትላለች፣ ከአሮጊቶቹ ጋር እግሯን እኩል ታሳርፋለች። እየሳቀች ነው፣ ላብ በላብ ሆናለች።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ልጅ ከየትኛው ልጀምር አለችኝ። ለሁላችሁም ልመልስ። በ«ፊዳ» ጀምሩ፣ ቀለል ይላል፣ ያስቃል። ከዚያ «ፕሬማም»፣ ከዚያ «ጋርጊ»፣ «ጋርጊ»ን ግን ለብቻችሁ አትዩት። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዩቲዩብ ላይ በሂንዲ የተተረጎመው «ፊዳ» ቶሎ ይገኛል፣ እሱን እለፉት። በቴሉጉው ፈልጉ፣ ከሥር ጽሑፍ ያለውን። ባኑማቲ ስትቆጣ የምትሰሙት የራሷ ድምፅ ነው።